በቪትዝ ሸዋ ሮቢት፦ መውረዱን ተወው፣ መመለሱን አስብ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ጋሼ፣ ግንቦት ውስጥ ሸዋ ሮቢት የአክስቴ ልጅ ሰርግ አለ። ከአዲስ አበባ በራሴ መኪና ልሄድ አስቤያለሁ። መኪናዋ የ2003 ሞዴል ቪትዝ ናት፤ ባለ 1000 ሲሲ፣ አውቶማቲክ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቼና እናቴ ነን። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ ደም ግፊት አለባት። ሰው ሁሉ የሮቢት ሙቀት መኪናህን ይጨርሰዋል እያለ ያስፈራራኛል። እውነት ነው? ቤንዚን በጀሪካን ልያዝ ወይ? ልጆቹ ደግሞ ጣርማበር ላይ ዝንጀሮ እናያለን ወይ እያሉ አስቸግረውኛል።»

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ሂድ፣ ቪትዟ ታደርስሃለች። ደብረ ብርሃን ላይ ጋራዥ ከከፈትኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። በዚህ መንገድ ከቪትዝ የባሰች መኪና ስትመላለስ አይቻለሁ። ግን የሚያስፈራሩህ ሰዎች የሚያስፈራሩህ በተሳሳተው ነገር ነው። ሮቢት ሜዳ ላይ በሙቀት ብቻ ቆማ የቀረች መኪና እምብዛም አላጋጠመችኝም። እኔ ጋ ተጎትተው የሚመጡት ሮቢት ደርሰው፣ በልተው ጠጥተው፣ ሽንኩርት ጭነው፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ወደ ጣርማበር ሽቅብ ሲመለሱ የፈሉት ናቸው።

መንገዱን እንየው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ እያልክ በደጋ ሜዳ ትሄዳለህ። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ግንቦትም ቢሆን ጠዋት ጃኬት ታስለብሳለች። ከዚያ ጉዶ በረትን አልፈህ ጣርማበር ትደርሳለህ፤ እሱ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን ዋሻ አልፈህ ከወጣህ በኋላ መሬቱ ከእግርህ ሥር ይጠፋል። ደብረ ሲና፣ አርማንያ፣ ሸዋ ሮቢት። ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንግዲህ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 1800 ሜትር ያህል ትወርዳለህ ማለት ነው። በሺህ ሜትር ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ሙቀት ይጨምራል። ስለዚህ ዋሻው አፍ ላይ 20 ዲግሪ ከነበረ፣ በዚያው ሰዓት ሮቢት ከ30 ያልፋል። ልጆችህ ሹራብ ለብሰው ተኝተው፣ በላብ ተነክረው ይነቃሉ።

መኪናህ ግን ከአየሩ ሙቀት ይልቅ የሚሰማት ያ 1800 ሜትር ነው።

እስቲ አንድ ስሌት ልንገርህ፣ እኔ ራሴ ስሠራው ገርሞኝ ነበር። ቪትዟ ከነሰውና ከነሻንጣው 1200 ኪሎ ትሁን። ይህን ያህል ክብደት ከጣርማበር ሮቢት ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ከቀዝቃዛ አንስቶ ያፈላል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ወይ ነፋሱ ይወስደዋል፣ ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ፍሬንህ ይጠጣዋል። የቪትዝ የፊት ፍሬን ሸራ ደግሞ ከመዳፍህ አይበልጥም። ሦስት ጀሪካን እሷ ላይ አታፍላ።

ስለዚህ ከዋሻው ስትወጣ ማርሹን ከዲ አውርደህ ቁጥር 2 ላይ አድርገው። ቁልቁለቱ ጠንካራ ሆኖ ኩርባው ሲጠብ፣ ፍጥነትህን በፍሬን ቀንሰህ ኤል ላይ አውርደው። ሞተሩ ይጮሃል። ይጩህ። ሰው ሞተር ሲጮህ የሚሰበር ይመስለዋል፤ ቀዩ መስመር እስካልደረሰ ድረስ ምንም አይሆንም። ፍሬኑን አልፎ አልፎ ጠበቅ አድርገህ ያዝና ልቀቀው። እግርህን ፍሬን ላይ አሳርፈህ ረጅም መንገድ አትውረድ። ስታስነጥስም ጭምር እግሩን ፍሬን ላይ የሚያኖር ሹፌር አውቃለሁ፤ ሸራ በየሦስት ወሩ ይቀይራል።

ፎሌ ላይ አድርጎ፣ ማለትም ማርሹን ኤን ላይ ነፃ አድርጎ፣ መውረድ የሚባለውን ነገር ደግሞ እርሳው። «ቤንዚን ይቆጥባል» ይላሉ። እውነቱ ተቃራኒው ነው። እንደ አንተ ዓይነት ኢንጀክሽን ያላቸው መኪኖች ማርሽ ውስጥ ሆነው እግርህን ከቤንዚን መስጫው ስታነሳ ቤንዚኑን ጭራሽ ይዘጉታል። ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ፎሌ ስታደርገው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣት ይጀምራል። ስለዚህ ፎሌ የሚወርድ ሰው ቤንዚንም ፍሬንም ያባክናል።

ከመነሳትህ በፊት የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ጠይቅ። ብዙ ሰው መኪናውን ከገዛ ጀምሮ ቀይሮት አያውቅም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። ፔዳሉን ስትረግጠው ስፖንጅ ይሆንብሃል፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። ቁልቁለት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከተሰማህ ፔዳሉን ደጋግመህ ምታው፣ ማርሹን አውርድ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልክ ሳብ፣ በተራራው በኩል ቁም። ዘይት መቀየር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ደብረ ሲና ላይ ግዴታ ቁም። ምክንያቱ ለልጆቹ ቆሎ ነው በል። የደብረ ሲና ቆሎ ታውቀዋለህ፣ ሴቶቹ መስኮትህ ድረስ ያመጡልሃል። እኔ የምፈልገው ግን ፍሬኑ ሃያ ደቂቃ እንዲተነፍስ ነው። ጎማው አጠገብ ጎንበስ ብለህ አሽት። የተቃጠለ ነገር ከሸተተህ የወረድከው በፍሬን ነው ማለት ነው፤ ሠላሳ ደቂቃ ጨምርና ቀሪውን በማርሽ ውረድ። ቸርኬውን በእጅህ እንዳትነካው ብቻ። ውሃም አትድፋበት፣ ዲስኩ ይጣመማል።

ሮቢት ከደረስክ በኋላ ስለ መኪናዋ ብዙ የምለው የለኝም። ጥላ ሥር አቁማት፣ ሰርጉን ብላ። ስለ ሰዎቹ ግን ሁለት ነገር። ልጆቹን «አንድ ዕቃ ልግዛና ልመለስ» ብለህ መኪና ውስጥ ዘግተህ አትተዋቸው። ፀሐይ ላይ የቆመች መኪና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ብቻ አሥር ዲግሪ ያህል ልትጨምር ትችላለች። ውጭው 34 ከሆነ ውስጡን አንተው ድመረው። እናትህ ደግሞ የሚወስዱት የግፊት መድኃኒት ሽንት የሚያሸና ከሆነ፣ ቆላ ላይ ውሃቸው ቶሎ ያልቃል። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ እሱ የእኔ ሙያ አይደለም። እናቶች መንገድ ላይ መውረድ ስለሚያሳፍራቸው ውሃ አልጠጣም ይላሉ። የእኔም እናት እንዲሁ ነበረች። በየሰዓቱ ራስህ ቁምላቸው፣ እስኪጠይቁህ አትጠብቅ።

ወባም አለ። ሮቢት የወባ አገር ነው። አጎበር ውስጥ ተኙ። ከተመለሳችሁ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዳችሁን ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ለሐኪሙ «ቆላ ነበርን» ማለት አትርሱ። አዲስ አበባ ላይ ትኩሳት ሲባል ሁሉም ጉንፋን ነው የሚለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መመለሱ።

በመጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገርህ። ጋራዡን ከከፈትኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ነበረችኝ። ሮቢት ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ሦስት ዘመድ ጫንኩ፣ ኋላ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት። ሰዓቱ ከቀኑ 8 ይሆናል። የራዲያተሩ ክዳን ደካማ እንደሆነ አውቃለሁ። መካኒክ ነኝኮ! የሰው መኪና ላይ ቢሆን አላሳልፈውም ነበር፤ የራሴ ስለሆነ ግን «ነገ እቀይረዋለሁ» ብዬ ወር ሆኖኛል። አርማንያን አልፈን ትንሽ እንደወጣን ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሳ። ቆምኩ። ዘመዶቼ እያዩኝ ነው፤ ባለሙያ ነኝና አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ። ጨርቅ ጠቅልዬ ክዳኑን ከፈትኩት። ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ። ደግሞ አላበቃም። አንድ የአይሱዙ ሹፌር ቆሞ ውሃ ሰጠኝ፤ እኔ ደግሞ ያን ቀዝቃዛ ውሃ በጋለው ሞተር ላይ ሞላሁት። የቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ማለት ነው፣ ጓርኒሲዮን ሄደ። በማግስቱ የራሴን መኪና ጎትቼ የራሴ ጋራዥ አስገባሁ። ሠራተኞቼ ምንም አላሉኝም። አለማለታቸው ነው የባሰኝ።

ለምን እንደፈላች ላስረዳህ። ሦስት ነገር አንድ ላይ ተገናኝቶ ነው።

አንደኛው ጉልበት ነው። የአንተ ቪትዝ ፋብሪካ ስትወጣ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ አላት። አየር በሳሳ ቁጥር ሞተር የሚተነፍሰው ያንሳል። በሺህ ሜትር አሥር ከመቶ ያህል ይቀንሳል በለው። ጣርማበር ስትደርስ ሃምሳ ፈረስ ገደማ ይዘህ ነው አምስት ሰው የምትጎትተው። ኤሲ ከከፈትክ ደግሞ ከዚያችው ላይ ጥቂት ፈረስ ትወስድብሃለች።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። ዳገት ላይ በ30 እና በ40 ትሄዳለህ። ከፊትህ ሲኖትራክ ካለ በ15። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን እያወጣ፣ ራዲያተሩ ግን ነፋስ አያገኝም። ሥራው ሁሉ በፋኑ ላይ ይወድቃል። ፋኑ ካልሠራ ወይም ራዲያተሩ በአቧራና በነፍሳት ከተደፈነ አለቀ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ውሃ ከፍታ ላይ ቶሎ ይፈላል። ሮቢት ላይ 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ጣርማበር ላይ 90 አካባቢ። ደጋ ላይ ሽሮ ወጥ ቶሎ ይንተከተካል፣ ባቄላ ግን አይበስልም፤ ያው ነገር ነው። ሞተርህ ደግሞ በጤናው የሚሠራው ከ90 አለፍ ባለ ሙቀት ነው። እንግዲህ ከመፍላት የሚያድንህ የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያለህ። ውስጡን በዚያ ግፊት አምቆ ይይዛል። ባለ 0.9 ክዳን ደህና ከሆነ ጣርማበር ላይ ንጹሕ ውሃ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግን 90 ላይ ይንፈቀፈቃል። የአንድ ክዳን ዋጋ ከአንድ ቴስታታ ሥራ ጋር አይወዳደርም። የእኔን ክንድ ሳንቆጥር።

ስለዚህ ከመነሳትህ በፊት ጋራዥ ግባና እነዚህን አስደርግ። ክዳኑን ቀይር፣ አታስመርምረው፣ ቀይረው። ራዲያተሩን ከውጭ በውሃ አሳጥብ። ቱቦዎቹን በጣትህ ጫን፤ የለሰለሰ ወይም የተሰነጠቀ ካለ ይቀየር። ቺንጋውን እይ። ሞተሩ ቆሞ እየሠራ ሲሞቅ ፋኑ መነሳቱን በዓይንህ ሳታይ ከጋራዡ አትውጣ። ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ ካለ አስፈስሰህ ኩላንት የሚባለውን የራዲያተር ፈሳሽ ከውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ሙላ። «ኩላንት ለብርድ አገር ነው» የሚል መካኒክ ካጋጠመህ ሌላ ፈልግ። ኩላንት የመፍሊያውን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትም ይከላከላል። ሌላም ልማድ አለ። «ቆላ ስለምትሄድ ቴርሞስታቱን እናውጣው» ይሉሃል። አይሆንም በላቸው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ሳይሞቅ ይውላል፣ ቤንዚን ይጠጣል። አሮጌ ከሆነ በአዲስ ይቀየር።

አሁን ሰዓቱ። ከሮቢት ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሳ። አየሩ ለስላሳ ነው፣ ከባድ መኪናው ገና አልበዛም። ከሁለት ሰዓት በፊት ደብረ ሲና ቁርስ ላይ ነህ፣ ዳገቱም አብዛኛው ከኋላህ ቀርቷል። ሰርግ ላይ አምሽተህ ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እንግዲያው አንድ ቀን እደርና በማግስቱ ጠዋት ተነሳ። ግን «ምሳ በልታችሁ ትሄዳላችሁ» የሚሉህን አክስትህን እምቢ በላቸው። ከባዱ ነገር ይሄ ነው፣ ከፍሬኑም ከራዲያተሩም በላይ። በማታ እንመለስ ደግሞ አትበል። ከብት አለ፣ መብራት የሌለው ጋሪ አለ፣ ከአፋር በኩል የሚመጣ ግመል አለ፣ ጣርማበር ላይ ጉም አለ።

ስትወጣ ኤሲ አጥፋ፣ መስኮት ክፈት። ማርሹ ቁጥር 2 ላይ ይሁን። ዲ ላይ ትተህ ቤንዚን ብታስጨንቀው ማርሹ ወዲያ ወዲህ እያለ ይሞቃል። ከሲኖትራክ ጀርባ ተለጥፈህ ጭሱን አትጠጣ፤ ራቅ በል፣ ነፋስ ይግባ። ኩርባ ላይ አትቅደም።

ብዙ ቪትዝ ላይ የሙቀት ቀስት የለም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሰማያዊ፣ ከልክ ሲያልፍ ቀይ የምትበራ መብራት ብቻ ናት። ቀይዋ ስትበራ ነገሩ ሩቅ ሄዷል። ስለዚህ በሌላ ምልክት ጠብቀው። የጣፈጠ ሽታ ጋቢና ውስጥ ከገባ ኩላንት እያፈሰሰች ነው። መኪናዋ ድንገት ጉልበት ካጣች ቁም። ልብህ እንዲያርፍ ከፈለግህ ኦቢዲ የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች፤ ከመሪው ሥር ትሰካለች፣ ሙቀቱን በቁጥር ስልክህ ላይ ታሳይሃለች። ከመግዛትህ በፊት መኪናህ ላይ መሥራቷን አስሞክር። 100 ዲግሪን ካለፈች አረፍ በል።

መሞቅ ከጀመረች የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈት። እብደት ይመስላል፣ ግን ማሞቂያው ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ነው። ልጆቹ ይጮሃሉ፣ እናትህ ይታዘቡሃል። ሰፋ ያለ ዳር እስክታገኝ ነው። እንፋሎት ከሌለ ቁምና ሞተሩን ሳታጠፋ ፎሌ ላይ ትሽከርከር፣ ፋኑ ይሥራ። እንፋሎት ካለ ወይም ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከነፋ ወዲያው አጥፋ። ኮፈኑን ክፈት፣ ክዳኑን ግን አትንካ። ቢያንስ 45 ደቂቃ። ቡና ካለ ቡና ጠጡ። የላይኛውን ቱቦ በጨርቅ ጨብጠው፤ ከለሰለሰና እጅህን ካልገፋው፣ ያኔ ክዳኑን በጨርቅ ሸፍነህ ቀስ ብለህ ክፈት። ውሃውን በትንሽ በትንሹ፣ ሞተሩ እየሠራ ጨምር። ለዚህ አምስት ሊትር ውሃ ከመጠጫው ሌላ ያዝ።

ጎማ ላይ አንድ ሁለት ቃል። ልኩ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ አዲስ አበባ ላይ ጠዋት፣ ሳይነዳ፣ ስኮርታውንም ጨምረህ አስለካ። ሮቢት ደርሰህ ጎሚስታ «ሞቆ ነው፣ ትንሽ እናስተንፍሰው» ካለህ እሺ አትበል። የሞቀ ጎማ ከፍ ማለቱ ጤናው ነው። እንዲያውም ወደ ቆላ ስትወርድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ትንሽ ዝቅ ያደርግልሃል፤ ሙቀቱ ወደ ላይ፣ ከፍታው ወደ ታች ይጎትቱታል። አደገኛው የተነፈሰ ጎማና ያረጀ ጎማ ነው። ጎኑ ላይ ባለ አራት ቁጥር ጽሑፍ አለ። 1819 ካለ በፈረንጅ 2019 በ18ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ቢያምርም አሥር ዓመት የሞላው ጎማ ይዘህ ወደ ሮቢት አትውረድ።

ጀሪካኑን በተመለከተ፣ አይ። የቪትዝ ሻንጣ ከጋቢናው ጋር አንድ አየር ነው የሚተነፍሰው። ቤንዚን ሙቀት ላይ ይነፋል፣ ትነቱ ልጆችህ አፍንጫ ሥር ይሆናል። አንድ ብልጭታ በቂ ነው። ከአዲስ አበባ ሮቢት 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሙሉ ታንክ ደርሶ መልስ ሊያደርስህ ይገባል፤ ለማንኛውም ደብረ ብርሃን ላይ ማደያ ከተገኘ ስትሄድም ስትመለስም ሙላ። ቤንዚን በጠፋበት ሳምንት ከሆነ ሰልፉን አዲስ አበባ ላይ ጨርስ።

አሁን ሽንኩርቱ። ሮቢት ሄዶ ባዶ እጁን የሚመለስ የለም። ግንቦት ላይ በሮቢ ወንዝ መስኖ የለማ ሽንኩርት ታገኛለህ፣ ፓፓያና ማንጎም ገበያ ላይ አይጠፋም። ማሽላው ገና ነው። ያ ሰው የሚውጥ የማሽላ ማሳ የሚታየው ከመስከረም በኋላ ነው፤ ማሾውም የሚዘራው በክረምት ነው። ስለዚህ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የምታየው አብዛኛው የታረሰ መሬት፣ ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬና የበሬ ጥላ ነው። እኔ ግን ይህን ጊዜ እወደዋለሁ። ከላይ ደጋው ላይ የበልግ ገብስ አረንጓዴ ሆኖ ታያለህ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ አቧራና እሾህ ውስጥ ነህ። አንድ ዞን ውስጥ፣ በአንድ ጠዋት።

ለማንኛውም አንድ ጆንያ ሽንኩርት ቪትዟ ላይ ስድስተኛ ሰው ነው። ያውም ዳገት ላይ። ዘመድ «እንዴት ባዶህን» ሲልህ እሺ በል፣ አመስግን፣ ከዚያ ጆንያውን ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ አስጭንና ላምበረት ተቀበል። ለእናትህም ቢሆን ጥሩ አውቶቡስ ከተገኘና አብሯቸው የሚመጣ ዘመድ ካለ፣ ሲመለሱ በዚያ ቢመጡ መኪናዋም እሳቸውም ያርፋሉ። እምቢ ካሉ ግን አትከራከር፣ የፊቱን ወንበር ስጣቸው።

ከመነሳትህ በፊት በዋዜማውና በጠዋቱ ሮቢት ላሉት ዘመዶችህ ደውል። መንገዱ ክፍት ነው ወይ፣ ሰላም ነው ወይ ብለህ ጠይቅ። ይህን ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። «ዛሬ አይሆንም» ካሉህ ዘፈኑን በስልክ ስማ።

ዝንጀሮውን ረስቼው ነበር። አዎ፣ ጉም ካልያዘው ዋሻው አካባቢና ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ገደሉ ላይ ጭላዳ ብዙ ጊዜ ይታያል። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው፣ ሳር የሚግጥ፣ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የሌለ ነው፤ ለልጆቹ ንገራቸው። መቆም ከፈለግህ ሰፊ ዳር ፈልግ። ኩርባ ላይ አትቁም፣ ከኋላህ የሚወርደው አይሱዙ ፎሌ ላይ ሊሆን ይችላል። መስኮቱን ዝጋ፣ ብስኩትም ሆነ ሙዝ እንዳይወረውሩለት። ከመኪና መብል የለመደ ዝንጀሮ መንገድ ላይ ይቀመጣል። ፎቶውን የምታነሳው ስትሄድ ይሁን፤ ስትመለስ እዚያ ጋ ሞተሩን ነው የምታዳምጠው።